ሚዛኑን ከበሩ ላይ አንሱልን

ከተጣሉ ዕቃዎች የተሠሩ ሥራዎችን በየጊዜው የሚያሳየው የማኅበረሰብ ዐውደ ርእይ አዘጋጆች በመዝጊያው ዕለት አንድ ረቂቅ ደንብ አሰራጭተዋል። መጀመሪያ ሳነበው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከመጪው ዙር ጀምሮ አዳራሹ በር ላይ ሚዛን ይቆማል፤ እያንዳንዱ ሥራ ሲገባ ይመዘናል፤ ክብደቱም ከሠሪው ስም ሥር በካርድ ላይ ይጻፋል። ዋናው ሽልማት ብዙ ኪሎ ቆሻሻ «ላስወገደ» ተሳታፊ ይሰጣል። ምክንያቱን እንዲያስረዱ ከአዘጋጆቹ አንዱ መድረክ ላይ ወጡና፣ በውበት ጉዳይ ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው፣ ኪሎ ግን አይዋሽም አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔን ያቃጠለኝ ጭብጨባው ነው። የአንድ ሰው የአፍ ወለምታ ቢሆን ሰምተን እናልፈው ነበር። ይሄ ግን በአንቀጽ ተከፋፍሎ፣ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ሊያርፍበት የተሰናዳ ነገር ነው። ያጨበጨቡትም እነዚያው ወራት ሙሉ ሽቦ ሲያጣምሙ፣ ክዳን ሲበሱ፣ ጨርቅ ሲቀጣጥሉ የከረሙት ሰዎች ናቸው። ሥራችሁን እንደ ከሰል እንመዝነዋለን ሲባሉ እጃቸውን አማቱ።

እስቲ አይዋሽም የተባለውን ኪሎ ራሱን እንጠይቀው። አንድ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። ታጥቦ፣ ከመሰሎቹ ጋር ተለይቶ ቢሰበሰብ ተፈጭቶ ክር ወይም ሌላ ጠርሙስ መሆን ይችላል። ያንኑ ጠርሙስ ቆራርጣችሁ፣ ወርቃማ ቀለም ነፍታችሁ፣ በሙጫ ከጨርቅና ከሽቦ ጋር አጣብቃችሁ አበባ ስታደርጉት ግን አበቃለት። ቀለሙና ሙጫው የቀረውን ፕላስቲክ ስለሚያበላሽበት ፈጪው አይቀበለውም። እንግዲህ ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት መዳን ይችል የነበረው ጠርሙስ ከገባ በኋላ የለየለት ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው። ሚዛኑ ግን በር ላይ ቆሞ «ተወገደ» ብሎ መዝግቦታል።

ከዚያስ? ዐውደ ርእዩ ይዘጋል። አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል። ወደ ቤቱ የሚወስደው ያላገኘ ሥራ ሁሉ በጆንያ ታጭቆ በጭነት መኪና ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ረቂቁ ውስጥ አንዲት መስመር የለችም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሲገባ የተመዘነ፣ ሲወጣ ያልተመዘነ ዕቃ ይዞ «ይህን ያህል ቶን አስወገድን» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደግሞስ መጠኑ ራሱ ምን ያህል ሊሆን ነው? የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ሪፖርት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ዓለም በ2016 ያመነጨችው የከተማና የመንደር ደረቅ ቆሻሻ 2.01 ቢሊዮን ቶን ነበር፤ በ2050 ደግሞ 3.4 ቢሊዮን ቶን ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። የ2016ቱን እንኳ ብታካፍሉት በየሰከንዱ ከ60 ቶን በላይ ይደርሳችኋል። አዘጋጆቻችን አዳራሹን እስከ ጣሪያው ሞልተው ዐሥር ቶን አሳዩ እንበል። የመክፈቻው ተናጋሪ «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ ሳይጨርስ ያ ዐሥር ቶን ሌላ ቦታ ተተክቷል። ዓለም ከሚጥለው ፕላስቲክ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ከነገረንም ሰነባብቷል። ሚዛን መትከል ያማረው ሰው የሚተክልበት በር ሞልቶለታል፤ የጠርሙስ ፋብሪካ አንድ በር አለው፣ የማሸጊያ ፋብሪካ ሌላ በር አለው። እዚያ የሚቆም ሚዛን የለም። ሚዛኑ የሚቆመው የተሰነጠቀ ባልዲ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ነው።

የጽዳቱን ነገር ከልብ ለሚሠሩት እንተወው። ቆሻሻ የሚለዩት፣ የሚሸከሙት፣ የሚፈጩት ሰዎች ኪሎን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ ኑሯቸው ነው። ዐውደ ርእይ ግን ለእነሱ ሥራ ማጣፈጫ ሆኖ የተፈጠረ ነገር አይደለም፣ የራሱ ጉዳይ አለው።

በ1942 ናዚዎች በያዙት ፓሪስ ፒካሶ አንድ አሮጌ የብስክሌት መቀመጫና አንድ የብስክሌት መሪ አገናኘ። ሁለት ዕቃ፣ በቃ። መቀመጫው ፊት ሆነ፣ መሪው ቀንድ፤ የበሬ ራስ ወጣው። ይህን ሥራ እስቲ በእኛ ሚዛን ላይ አውጡት። ከጎኑ ስምንት የመኪና ጎማ በገመድ አስሮ «የምድር እንባ» የሚል ስም የለጠፈበት ሰው ቢቆም ሽልማቱ የማን እንደሚሆን ረቂቁ ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። ፒካሶ ይሸነፋል፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ፒካሶ ራሱ ስለዚህ ሥራ ሲናገር፣ አንድ ቀን ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ የሚያገኘው ሰው ለብስክሌቴ ይሆነኛል ብሎ ቢወስደው የሚል ሐሳብ እንደሚያስደስተው ገልጾ ነበር። በሬው ተመልሶ ብስክሌት ይሁን ማለቱ ነው። በአእምሮው ያለው ዕቃው የነበረው ሕይወት ነው፤ ማን ተቀምጦበት እንደነበር፣ ማን ደግሞ ሊቀመጥበት እንደሚችል።

የእኔ ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ብረዝም ታገሱኝ። አዲስ ሸራ፣ አዲስ ጭቃ፣ አዲስ እብነ በረድ ሠሪው እስኪናገርበት ድረስ ዝም ያለ ነገር ነው። የተጣለ ዕቃ ዝም ብሎ አይመጣም። ከእጃችሁ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ለዓመታት ሠርቶበታል፤ በመያዝ፣ በመፈተግ፣ በመጣል፣ በመጠገን። የማንኪያ ጠርዝ በአንድ በኩል አልቆ ስታገኙት ያ ሰው በየትኛው እጁ ይማስል እንደነበር እያነበባችሁ ነው። የኪቦርድ ቁልፎች ላይ ፊደሉ የተፋቀውንና ያልተፋቀውን ስትለዩ የአንድ የማታውቁት ሰው ቋንቋ ይታያችኋል። ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ሰው ብቻውን አይሠራም፤ ስሙን የማያውቀው ተባባሪ አለው። ጥሩ ሠሪ ይህን ተባባሪ አያፍነውም። መጥፎ ሠሪ ወርቃማ ቀለም ይነፋበታል።

ጋናዊው ኤል አናትሱይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ይኖርባት በነበረችው ንሱካ አካባቢ በከረጢት የተጣሉ የአልኮል ጠርሙስ ክዳኖች አገኘ። ከረዳቶቹ ጋር ክዳኖቹን እየጠፈጠፈና እየበሳ በመዳብ ሽቦ አያያዛቸው። በሺህ የሚቆጠሩት ክዳኖች ከሩቅ ሲያዩአቸው የነገሥታት መጋረጃ የሚመስሉ፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፉ ሰፋፊ ሥራዎች ሆኑ። በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸልሞታል። የክዳኖቹ ነገር በማንጸባረቃቸው አያበቃም። አልኮል የአውሮፓ ነጋዴዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዘውት ይመጡ ከነበሩት መለወጫ ሸቀጦች አንዱ ነበር፤ ሰው የተሸጠበት ንግድ አንድ እግሩ እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ክዳን የዛሬ ጠጪም የጥንት ነጋዴም አለባት። ይህንን በግራም ንገሩኝ።

የቤኒኑ ሮሙዋልድ አዙሜ ከዚህም አጥብቆ ሄዷል። ከናይጄሪያ ነዳጅ በኮንትሮባንድ የሚመላለስባቸውን ጄሪካኖች ጭንብል አድርጎ 304ቱን በአሮጌ የባሪያ መርከብ ሥዕል አቀማመጥ ደረደራቸው። አመላላሾቹ ብዙ ነዳጅ እንዲይዙላቸው ጄሪካኖቹን እሳት እያሳዩ ይለጥጧቸዋል፤ ፕላስቲኩ ሊፈነዳ እስኪቃረብ ድረስ። አዙሜ ሰው እስከ መጨረሻው ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ሌላ ዕቃ ማግኘት አይችልም ነበር። ባዶ ጄሪካን ደግሞ ምን ሚዛን ይደፋል? ኢትዮጵያዊው ኤልያስ ስሜም ከኮምፒውተር ሆድ የወጡትን ሰሌዳዎች፣ ቁልፎችና ባለ ቀለም ሽቦዎች ሲያቀናብር የምናየው ከአየር ላይ የታየ ምድር ይመስላል፤ ቀረብ ስንል ግን የሺህ ሰዎች ጣት የነካቸው ነገሮች ናቸው። ዓለም በ2022 የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ስለነበር የእሱ ሥራ ከዚያ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። እንዲቀንስም የጠየቀው የለም።

በዘንድሮው ዐውደ ርእይ ላይም እንዲህ ያለ ሥራ ነበር፣ አዘጋጆቹ ልብ ብለውት ከሆነ። ጥግ ላይ፣ መብራቱ በደንብ በማይደርስበት ቦታ፣ ያለቁ የጫማ ሶሎች በአንድ ጣውላ ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ምንም ቀለም የለም፣ ሙጫም የለም፤ በትንንሽ ምስማር ነው የተያዙት። አንዱ ተረከዙ በውጭ በኩል አልቋል፣ አንዱ ጣቱ ጋ ተበስቷል፣ አንዱ ጥንድ የግራው ብቻ አልቆ ቀኙ አዲስ ይመስላል። የዚያ ሰው ቀኝ እግር ምን ሆኖ ነው? እዚያ ቆሜ ይህን ሳስብ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉ ግን ለሶሎቹ አልነበረም። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አካል ከተሠራ ጣሪያ ከሚነካ ሮቦት ጋር ፎቶ ለመነሳት ነው። ሮቦቱን አልጠላሁትም፣ ልጆቹ ወደውታል። ግን በመጪው ዙር ሮቦቱ በአዋጅ ያሸንፋል፤ ሶሎቹን የሠራው ሰውም ሁለተኛ አይመጣም።

ደንቡ የሚያመጣውን ጣጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኪሎ የሚያሸልም ከሆነ ሰው ኪሎ ያመጣል። ሞተር፣ ኮንክሪት፣ የሞተ የመኪና ባትሪ ከነአሲዱና ከነእርሳሱ ይመጣል። ብልጡ ጠርሙሶቹን አሸዋ ይሞላቸዋል። ገንዘብ ያለው ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ገዝቶ ይመጣል፤ ያ ብረት ወደ ማቅለጫ ሊሄድ የነበረ፣ ቆሻሻ ሆኖ የማያውቅ ብረት ነው። ለትምህርት ቤት ሥራ ሃያ ባዶ ጠርሙስ አምጡ ሲባል ሙሉውን ገዝቶ በአንድ ሳምንት ያላንቆረቆረ ቤተሰብ ካለ እጁን ያውጣ። ያኔ ልጆቻችን ቆሻሻ እንዲያመርቱ ነበር የላክናቸው። አሁን ደግሞ ለአዋቂው ሽልማት ሊጨመርበት ነው።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ሌላ ነው። ሚዛን የሚቀርበው ለማን ነው? ታላቅ ሙዚየም ውስጥ ከአንድ ዝነኛ ሥራ ሥር ኪሎ ተጽፎ ያየ አለ? አሜሪካዊው ኖአ ፑሪፎይ በ1965 ሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር በተነሳው ሁከት ከተቃጠለው ፍርስራሽ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ቶን ያህል ሰብስቦ፣ ከቀለጠ የኒዮን መብራትና ከከሰለ እንጨት የሠሯቸውን በ1966 አሳይተዋል። ሦስት ቶን መሆኑ ይጠቀሳል፣ እውነት ነው። ሰፈሩን ስላጸዳ የሸለመው ግን የለም፤ ሰው የሄደው እሳቱ ምን እንዳደረገ ሊያይ ነው። የባለሙያ ሲሆን ጥበብ፣ የጎረቤት ሲሆን ጽዳት፤ ረቂቁ በጨዋ ቋንቋ የሚለው ይህንኑ ነው። «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ከፊቱ ሲገባ ሰዎቹ ሠሪ መሆናቸው ቀርቶ የዘመቻ ጉልበት ይሆናሉ።

እዚያው ዋትስ ውስጥ ጣሊያናዊው ስደተኛ ሳይመን ሮዲያ ከ1921 እስከ 1954 ብቻውን የሠራቸው ግንቦች አሉ። ብረትና ሲሚንቶ፣ ላያቸው በተሰባበረ ሸክላ፣ በጠርሙስ ስባሪና በዛጎል የተለበጠ፤ ትልቁ 30 ሜትር ይደርሳል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። እሱ ትቶት ከሄደ በኋላ ከተማው ለሰው አደገኛ ነው፣ ይፍረስ አለ። ተከራካሪዎች ተነሱ፤ በ1959 ግንቡ በ10,000 ፓውንድ፣ ማለትም በ4.5 ቶን ኃይል ተጎትቶ ይፈተን ተባለ። ተጎተተ። ቀድሞ የተረታው መጎተቻው ማሽን ነበር። ዛሬ ግንቦቹ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል። ቢሮ ያለው ሰው ተራውን ሰው በቶን ሊፈትነው ሲነሳ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም።

ሕንዳዊው ኔክ ቻንድም የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። አዲሲቷን የቻንዲጋርህ ከተማ ለመሥራት ከፈረሱ መንደሮች የተረፈውን ስባሪ፣ የተሰበረ አምባርና ሸክላ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እያመላለሰ በመንግሥት ጫካ ውስጥ ለዓመታት በድብቅ ሰዎችና እንስሳት ሠራበት። ሲደረስበት ይፍረስ የሚሉ ነበሩ፤ ሕዝቡ አይቶ ስለወደደው በ1976 የአትክልት ስፍራ ሆኖ ተከፈተ። ከተማዋ ስትሠራ የተባረሩት መንደሮች ስማቸው የተረፈው እዚያ ስባሪ ውስጥ ይመስለኛል። ኔክ ቻንድ ወደ እኛ ዐውደ ርእይ ቢመጣ ኖሮ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ብዕር ይዞ «ስንት ኪሎ ነው?» ይለው ነበር።

ዳኞች ያዳላሉ፣ ሚዛን ግን አያዳላም የሚለው ክርክር የቀረው ብቸኛ ክርክር ነው። ዳኞች ያዳላሉ፣ ይህን አልክድም፤ ባለፉት ዙሮችም ጠብ ነበር። በ2015 ጣሊያን ቦልዛኖ በሚገኝ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የጽዳት ሠራተኞች አንድን ሥራ የማታ ድግስ ትራፊ መስሏቸው ጠርገው ጣሉት፤ ባዶ የሻምፓኝ ጠርሙሶችና የሲጋራ ቁራጮች የተበተኑበት ሥራ ነበር። ሙዚየሙ ከጆንያው አውጥቶ መልሶ ደረደረው። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች የሚጠቅሱት ለመሳቅ ነው፣ ይሳቁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወለሉ ላይ ሳለና ጆንያ ውስጥ ሳለ ክብደቱ ተለወጠ? አልተለወጠም። ሰዎቹ የተጨቃጨቁበትን ልዩነት በሙሉ፣ ጥበብ ነው አይደለም የሚለውን ሁሉ፣ ሚዛን ጭራሽ አያየውም። የማያይ ደግሞ እንዴት ያዳላል? ዳኞቹ ይጨቃጨቁ፣ ይሳሳቱም፤ ወይም ሽልማቱ ራሱ ይቅር። ሰው ሽልማት ስለተባለ ብቻ የጫማ ሶል ሲሰበስብ አይከርምም።

ረቂቁ ገና አልጸደቀም፤ አስተያየት ስጡበት ተብለናል። የእኔን ይያዙልኝ። የክብደት ሽልማቱ ይሰረዝ። በካርዱ ላይ ኪሎ ሊጻፍ በታሰበበት ቦታ ዕቃው ከየት እንደተገኘ፣ ምን ያገለግል እንደነበረ፣ የሚታወቅ ከሆነም ማን ለምን እንደጣለው ይጻፍ። የጫማ ሶሎቹ ሥራ በመጪው ዙር መብራት ወዳለበት ግድግዳ ይዛወር። ሚዛኑን በምንም መንገድ አናነሳም ካላችሁ ደግሞ መውጫው በር ላይ አቁሙት። በመዝጊያው ማግስት የጭነት መኪናው ሲመጣ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄደው ሁሉ ይመዘን፤ ቁጥሩንም ኪሎ አይዋሽም ያሉት ሰው ራሳቸው በዚያው ማይክሮፎን ያንብቡልን።